ተሳቢዋ ጨረቃ

በዲላ አልፎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና የሚመላለሰው የጭነት መኪና ከኋላው የሚጎትተውን ሁለተኛ ሳጥን የአካባቢው ልጅ ሁሉ በስሙ ያውቀዋል፤ ተሳቢ ነው። የአማርኛ መምህሩም በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ቃል ይጽፋል፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግሥ። እባብና እንሽላሊትም ተሳቢ እንስሳት ናቸው። ሦስቱን አንድ ያደረጋቸው ሳበ የሚለው ግሥ ነው፤ በጌዴኦ ላለው የሬኮ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተሠራው የግድግዳ ሥዕል ላይ በትልቁ የተጻፈው ስበትም ከዚሁ ግሥ ተወልዷል። ሥዕሉ በጨረቃ ላይ ነገር ሁሉ ለምን እንደሚቀል ለልጆች ያስረዳል። ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ነው። ጌዴኡፋውን የቋንቋው ባለቤቶች በላቲን ፊደል ጻፉት፤ አማርኛውን እንዳይ ለእኔ ሰጡኝ። ቃል በቃል ስሄድ ከጨረቃ ይልቅ ወደ ግእዝ ራቅሁ።

ከስበት ልጀምር። በግእዝ ሰሐበ ማለት ጎተተ ነው፤ በእሳቱ ሰና በሐመሩ ሐ ይጻፋል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል ሐ ወደቀች፤ አወዳደቋ ግን ዱካ ትቷል። የፊተኛው ፊደል ከግዕዝ ወደ ራብዕ ተሳበና ሰሐበ ሳበ ሆነ። ጸሐፈ ጻፈ፣ መሐለ ማለ፣ ሠሐቀ ሳቀ፣ ሰዐመ ሳመ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። በአማርኛ ግሥ መነሻ ላይ እንዲህ ያለ ራብዕ ባየሁ ቁጥር ከሥሩ የተቀበረ ሐ ወይም ዐ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አገኛለሁ። የስሙም አካሄድ ያው ነው፤ ክሕደት ክደት፣ ድኅነት ድነት፣ ስሕበት ስበት።

ዐረቦችም ሰሐበ ይላሉ፤ ትርጉሙም ያው መጎተት ነው። ከዚያው ሥር ደመናን ሰሓብ ብለው ጠሩት፤ ነፋስ የሚጎትተው ማለት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ የጠረጴዛው መሳቢያ አለ፤ ሳቢ መልክ፣ ቀልብ ሳቢ ወሬም አለ። ፊዚክስ ቃሉን ሲወስደው እንዲህ ብዙ ቤት የሠራ ነበር።

በሥዕሉ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው «ምድር ጨረቃን ትስባለች» የሚል ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ጨረቃ ን ተቀብላ በሰዋስውም በሰማይም ተሳቢ ሆናለች። ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው ጨረቃም ምድርን በዚያው ልክ ትስባለች፤ ባለቤቱና ተሳቢው ቦታ ቢለዋወጡ ዐረፍተ ነገሩ እውነትነቱን አያጣም። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ቅርጽ አለው። የግሡ መካከል ሲደገም ሥራው የጋራ ይሆናል፤ ከረዳ ተረዳዳ፣ ከሳበ ተሳሳበ። «ምድርና ጨረቃ ይሳሳባሉ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የሁለት ወገን መሳብ በአንድ ግሥ ውስጥ ተካትቷል፤ ልጁም ቅርጹን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። በበኩሌ ስበት ከሚለው ርእስ ይልቅ መሳሳብ የሚለውን እመርጥ ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ስበት ስለሚል ርእሱ ሳይለወጥ ቀረ፤ ይሳሳባሉ ግን ምድርንና ጨረቃን ከሚያሳዩት ሁለት ክበቦች መካከል ገባ።

ምድር ያልሁትም በምክንያት ነው። መጻሕፍቱ የመሬት ስበት ይላሉ። መሬት ግን በግእዝ አፈር፣ ትቢያ ነው፤ በአማርኛም መጀመሪያ የሚታሰበው እግር የሚረግጠው፣ የሚታረሰው ነው። ጨረቃም መሬት አላት። ልጁ «በመሬት ላይ ሲዘል» የሚለውን አንብቦ የትኛው መሬት ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ምድር ብንል ጥያቄው አይነሣም።

ሥዕሉ የተሠራበትን ጨርቅ ሳላነሣ አላልፍም። በገጠር ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚሣለው በማዳበሪያ ላይ ነው። ማዳበሪያ ከዳበረ የመጣ ነው፤ ማሳን የሚያዳብረው ኬሚካል ስሙ ይህ ነበር። ኬሚካሉ በሚያብረቀርቅ ነጭ ጆንያ ታሽጎ ሲመጣ ስሙ ወደ ጆንያው ተላለፈ። ዛሬ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንል ስለ ዩሪያ የሚያስብ የለም። ጆንያው ተቀዶ፣ ተወጥሮ፣ ቀለም ሲቀባ ደግሞ የፊዚክስ ትምህርት ይሆናል። ቀለምም የራሱ መንገድ አለው። በግሪክ ካላሞስ መቃ ነው፤ በዐረብኛ ቀለም የመጻፊያው ብዕር ሆነ፤ በግእዝና በአማርኛ ከብዕሩ ወደሚነከርበት ጥቁር ውሃ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ማንኛውም ኅብር፤ ከዚያም ቀለም የቆጠረ ሲባል ወደ ዕውቀት ራሱ። ሰሌዳም እንዲሁ ከግሪክ ነው፤ የመጽሐፍን ገጽ ከሚጠራው ሴሊዳ። ሥዕል ግን የራሳችን ነው፤ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ከጻፉት ሰአለ፣ ማለትም ለመነ ይሆንና ወደ ስእለት ይሄዳል። ሠዐሊና ሰአሊ በጆሮ አይለዩም፤ የሚለያቸው ፊደሉ ብቻ ነው።

ወደ ጨረቃ ልሂድ። ግእዝ ጨረቃን ወርኅ ይላታል፤ የቀን ቍጥሩንም ወርኅ ይለዋል። ትግርኛ እስካሁን ወርሒ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዟል። ኦሮምኛም ጂኣ ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው። ዕብራይስጥ መነሻዋን ወ ወደ የ ለውጦ ጨረቃን ያሬሐ፣ ወርን ዬራሕ አለ፤ አካድኛ ዋርኁ ሲል ወን ጠብቋል። አማርኛ ግን ቤቱን ከፈለ። ብዙኃኑ ኅ ወድቃ ወርኅ ወር ሆነ፤ ወርም የቀን መቁጠሪያውን ብቻ ይዞ ቀረ። ለሰማይዋ ሌላ ስም አስፈለገ።

ያ ሌላ ስም ከየት መጣ? ከሠረቀ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ሠረቀ በግእዝ ወጣ፣ ብቅ አለ ነው። ምሥራቅ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ በአንጻሩ ከዐረበ ምዕራብ ተገኝቷል። ሠርቅ ደግሞ የወር መባቻ ነው፤ አዲሷ ጨረቃ የምትታይበት። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ሠርቀ ወርኅ፣ ሠርቀ ሌሊት እያለ ሲያሰላ ቃሉን በየዕለቱ ያነሣዋል። ከሠ ወደ ጨ የሚደረገው ጉዞ የተለመደ አይደለም፤ አማርኛ ግን በሠ ላይ ሲጫወት በሌላም ቦታ ታይቷል፤ ሠዊት እሸት ሆኗል። ስለዚህ ጨረቃ ስንል «አዲስ የወጣችው» ማለታችን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የመባቻዋ ስም ለሙሉዋም ተሰጠ። ሠረቀና ሰረቀ በአማርኛ ጽሑፍ ሲደባለቁ ጨረቃን የሌባ ዘመድ ማድረግ ይመጣል፤ ንጉሡ ሠ ሳይጠበቅ ሲቀር የሚደርሰው ይህ ነው።

በመጽሐፈ ሄኖክ ስለ ሰማይ ብርሃናት በሚናገረው ክፍል፣ በ78ኛው ምዕራፍ፣ ጨረቃ አራት ስም ተሰጥቷታል፤ አሶንያ፣ ኤብላ፣ ብናሴ፣ ኤራዔ። አጻጻፋቸው በየብራናው ይለያያል። አራተኛው ግን ጆሮ ይይዛል፤ ኤራዔ የዕብራይስጡ ያሬሐ በግእዝ ፊደል ተገልብጦ ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ነው፤ ተርጓሚው ወርኅ የሚል ቃል በእጁ እያለ የዚያኑ ቃል ዘመድ እንደ እንግዳ ስም አድርጎ ጻፈው። ሁለት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች በአንድ ገጽ ተገናኝተው ሳይተዋወቁ ቀሩ። የሬኮው ሥዕል ለኤራዔ ቦታ አልነበረውም፤ እኔ ግን እዚህ ትጻፍልኝ።

አሁን ወደ ከባዱ። ክብደት ከግእዙ ከብደ ነው። በዕብራይስጥ ካቤድ፣ በአካድኛ ከባቱ፣ በትግርኛ ከቢድ፤ ብዙዎቹ የሴም ቋንቋዎች ለከባድ ነገር ይህን ቃል ይዘዋል። ከሸክም አልፈውም ወደ ሰው የወሰዱት አሉ። ዕብራይስጥ ካቦድ ሲል ክብር ማለቱ ነው። እኛም ልጃችንን ከበደ ስንል ኪሎው እንዲጨምር አልተመኘንም። በተቃራኒው ቀለለ አለ፤ ቀላል ሰው ስድብ ነው፤ ከዚያው ሥር ቅሌት ወጥቷል። ዕብራይስጥም ከቀላል ቄላላ፣ ማለትም እርግማን አውጥቷል። ልጁ «በጨረቃ ላይ ከበደ ይቀላል» የሚል መሥመር ካየ መሳቁ አይቀርም፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ለሚዘለው ልጅ ስም አልተሰጠውም።

ችግሩ ግን ከስም ይከፋል። ገበያ ውስጥ ክብደቱ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የሚመለስለት በኪሎ ነው። ኪሎ ከግሪክ ኪሊዮይ፣ ሺህ ነው፤ የጎደለውን ስም ጆሮ ይሞላዋል፤ በሚዛን ፊት ግራም፣ በአዲስ አበባ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ደግሞ ሜትር። ለፊዚክስ ግን ኪሎ ግራም የክብደት መለኪያ አይደለም፤ የመጠነ ቁስ ነው። ክብደት ስበት በዚያ ቁስ ላይ የሚያደርገው ጉተታ ነው፤ መለኪያውም ኒውተን ነው። ልጁ ወደ ጨረቃ ቢሄድ የሚለወጠው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሥዕሉ ይህን ካላሳየ ምንም አላሳየም።

መጠነ ቁስ ጥሩ ስም ነው። መጠነ የግእዝ ለካ ነው፤ ምጣኔ ሀብት ውስጥ አለ፤ ቅመሙ ተለክቶ የገባበት ምጥን ሽሮ ውስጥም አለ። ቁስ ከቁሳቁስ የተነጠለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው የመጨረሻዋ ነ፣ መጠን ሳይሆን መጠነ የሚያሰኘው፣ የግእዝ ዘርፍ አያያዥ ናት። አንድ ድምፅ «የ»ን ተክታ ትሠራለች።

ለሬኮ ልጅ የሚመዘን ነገር ሲፈለግ መልሱ ሩቅ አልነበረም። የይርጋ ጨፌ ቡና አገር ነው፤ ቡና ደግሞ በፈረሱላ ይነገራል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የቡናን ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ፣ በ17 ኪሎ ግራም ነው። ቃሉ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች መርከብ ተሳፍሮ የመጣ ነው፤ ዐረብኛ ፈራሲላ፣ ስዋሂሊ ፍራሲላ ይለዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ አንድ ፈረሱላ ቡና ሁለት ቦታ ተሣለ። በምድር ላይ መጠነ ቁሱ 17 ኪሎ ግራም፣ ክብደቱ 167 ኒውተን ገደማ። በጨረቃ ላይ መጠነ ቁሱ ያው 17፣ ክብደቱ 28 ኒውተን ገደማ። የወደቀ ነገር ፍጥነቱ በምድር ላይ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፤ በጨረቃ ላይ በ1.62 ብቻ። አንድ ስድስተኛ ማለት ነው። አማርኛ ለሦስተኛው ሲሶ፣ ለአራተኛው ሩብ፣ ለዐሥረኛው ዐሥራት አለው፤ ለስድስተኛው አጭር ስም አላገኘሁለትምና አንድ ስድስተኛ ተብሎ ተጻፈ።

ስድስተኛ የሆነበት ምክንያትም ደስ ይላል። የጨረቃ መጠነ ቁስ ከምድር 81 ጊዜ ያንሳል። ስበቷ ግን 81 ጊዜ አላነሰም፤ ትንሽ ስለሆነች ላይዋ ላይ የቆመ ሰው ከማእከሏ 1,737 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ እኛ ከምድር ማእከል 6,371። ቅርበቱ የጠፋውን ስበት በዐሥራ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይክሳል፤ 81 ለዚያ ሲካፈል ስድስት ይመጣል።

ሚዛኑ ላይ ደግሞ ትንሽ ቆይታ ያስፈልጋል። ሚዛን የዐረብኛ ነው፤ ሥሩ ወዘነ ሲሆን ሚ መነሻ ቅጥያ ናት። አማርኛ ግን ቅጥያዋን የሥሩ አባል አድርጎ መዘነ የሚል አዲስ ግሥ ሠራ፤ ከዚያም መመዘኛ፣ ምዘና፤ ተማሪው የሚፈተንበት ምዘና ከነጋዴ ሚዛን የወጣ ነው። ግእዝ የራሱ መዳልው ነበረው፤ ከደለወ። እርሱ ከገበያ ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ተሿሚው ሲሾም ሕዝቡ ይደልዎ ሲል ይሰማል፤ ይገባዋል፣ ልኩ ነው ማለት ነው። አድልዎም ከዚያው ነው፤ ሚዛን ወደ አንዱ ማዘንበሉ።

ሁለት ሳህን ያለው የድንጋይ ሚዛን ጨረቃ ላይ ቢወሰድ ያንኑ ፈረሱላ 17 ኪሎ ይላል፤ ቡናውም ድንጋዩም እኩል ቀለዋልና። የሞላ ሚዛን ግን፣ በምድር ላይ የተስተካከለው፣ 2.8 ኪሎ ብቻ ያሳያል። አንዱ መጠነ ቁስን፣ ሌላው ጉተታን ይለካል። ይህንን ከሥዕሉ ሁሉ እወደዋለሁ፤ ሁለቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን ያየ ልጅ ትርጉሙን ሳያነብ ልዩነቱን ያያል። ሞላ የጣሊያንኛው ሞላ ነው፤ በጋራዦች በኩል ገባ፤ ከሞላ ጎደል ከሚለው ሞላ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው።

ኒውተን ሲነሣ የሚሣለው ፍሬ ፖም ነው። ፖም ከሮማውያን ቋንቋዎች የመጣ ነው፤ ከዐረብኛ የተወረሰው ስሙ ቱፋሕ ነው። በሬኮ ከዛፍ ሲወርድ የሚታየው ግን ቀይ እሸት ቡና ነው፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ የወደቀው እሸት ነው። ወደቀ የሚለው ግሥ ግን በመምህራኑ ምክር ወረደ ተባለ፤ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ወደቀ ሌላ ነገር ያስታውሳል።

ጨረቃ ላይ የቆመው ሰው ጠፈርተኛ ነው። ጠፈር በኦሪት ዘፍጥረት የላዩን ውሃ ከታቹ የሚለይ ጠንካራ ጣራ ነው፤ በግእዝም የቤት ጣራ ጠፈር ይባላል። ጠፈረ ማለት በጠፍር ጥፍር አድርጎ ማሰር ነውና የጠርብ ጣራ አሠራር ከቃሉ ሥር ያለ ይመስለኛል። ዛሬ ጠፈር ስንል ጣራ የሌለውን፣ ምንም የማያግደውን ባዶ ማለታችን ነው። ቃሉ ዐይናችን እያየ ተገልብጧል። የዘርፉ መንግሥታዊ ተቋም ስሙን ሲያወጣ ስፔስ የሚለውን መርጧል፤ ልጆች ግን ጠፈር ይላሉ፤ ሥዕሉም ልጆችን ተከተለ። መንኮራኩርም እንዲሁ ዞሯል። መንኰራኵር በግእዝ የሚንከባለል ነገር፣ የሠረገላ እግር ነው፤ አንኰርኰረ ከሚለው ግሥ። በትንቢተ ሕዝቅኤል ራእይ ከሕያዋኑ ፍጥረታት ጋር ከምድር ከፍ ከፍ ሲል ይታያል። ለሰማይ መርከብ ስም የፈለገ አማርኛ ተናጋሪ ወደዚያ ቢያይ አልተሳሳተም። አፖሎ 11 ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ያረፈው ግን እግር ይዞ ነው፤ ጠፈርተኞች የሚነዱት ባለ ጎማ ተሽከርካሪ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ከአፖሎ 15 ጋር ነው። የዚያ ጉዞ መሪ ዴቪድ ስኮት ሐምሌ 26 ቀን 1963 ዓ.ም. መዶሻና የጭልፊት ላባ እኩል ለቀቀ፤ አየር የለምና እኩል ወረዱ። ሥዕሉ ላይ ላባው የዶሮ ሆኗል።

ከሥር በነጠብጣብ የተሠመረው ክብ ምሕዋር ነው፤ የጨረቃ መንገድ። ምሕዋር ከሖረ፣ ሄደ ነው። ሖረ ሲባል የማትታየው ው በምሕዋር ትገለጣለች፤ ሥሩ ሐወረ ነውና። ከዚሁ ሥር ሐዋርያ መጣ፤ የሚሄድ፣ የተላከ። ሐዋርያ ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዐረብኛ ውስጥ ገባ፤ የዒሳን ደቀ መዛሙርት ቁርኣን ሐዋሪዩን ሲላቸው የግእዙን ቃል መያዙ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ምህዋር በሃሌታው ህ ተጽፎ ነበር። በሐመሩ ሕ እንዲሆን ለመንሁ፤ በሃሌታው ከተጻፈ ሖረም ሐዋርያም ከቃሉ ውስጥ አይታዩም። ሠዐሊው ያለ ክርክር አረመው፤ ማዳበሪያው ላይ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።